ሪህ ያለበት ሰው በሰንበቴ ቤት፦ ስለ መጠጡና ስለ እኛ ኃላፊነት

ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ለመመልከት ሄጄ ነበር። ዕለቱ እሑድ ስለ ነበረ ከምእመናኑ ጋር አስቀድሼ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴው ቤት ገባን። ከአጥቢያው ሁለት ካህናት አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት፣ የግራ እግራቸውን ጫማ ተረከዙን ረግጠው እንደ ነጠላ ጫማ አድርገውት ነበር። ቀጂው ሲደርስ ጽዋቸውን በእጃቸው ከደኑ። የሰንበቴው ሙሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «አባቴ፣ የሰንበቴ ጠላ እኮ ነው፤ ጸሎት የደረሰበት ነው፤ ምን ያደርግብዎታል?» አሉ። ሌላው «በሞቴ» አለ። እኔም፣ እንግዳ ነኝና ቃሌ ይከበራል ብዬ፣ «እስቲ አባቴ፣ ለእኔ ሲሉ» አልሁ። እርሳቸውም ሦስት ጊዜ ተቀዳላቸውና ጠጡ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል የግራ እግራቸው አውራ ጣት ከሥሩ አብጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ፍም ይጋል ጀመር። ልጠይቃቸው ስገባ «ልጄ፣ ጋቢው ሲነካኝ እንኳ አልችለውም» አሉኝ። ማክሰኞ ወር በገባ በ12 የታቦቱ ዕለት ነበር። አንባብያን እንደምታውቁት ሥርዓተ ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች አይፈጸምም፤ አጥቢያውም ያሉት ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ሌላው ካህን ኪዳን አድርሰው ሕዝቡን አሰናበቱ፤ ቅዳሴ ሳይኖር ቀረ። ከሩቅ መንደር ሕፃን አዝላ ለማቍረብ የመጣች እናት በደጀ ሰላሙ ቆማ ስትመለስ አየሁ። ካሳሳቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁና ይህን ትምህርት መጻፍ ያለብኝ እኔ እንደ ሆንሁ ተሰማኝ።

በሀገራችን ሪህ የሚለው ስም እጅግ ሰፊ ነው። የጉልበት ማርጀት፣ ብርድ የቀሰቀሰው ቁርጥማት፣ የወገብ ሕመም ሁሉ ሪህ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ሪህ የምንለው ግን ሐኪሞች ጋውት የሚሉትን፣ ከዩሪክ አሲድ መከማቸት የሚመጣውን አንዱን በሽታ ብቻ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ የጉልበት ማርጀት ያለበት ሰው ጠላ ስለ ጠጣ በማግሥቱ አይወድቅም፤ ይህኛው ግን ይወድቃል።

የሰውነታችን ሕዋሳትና የምንመገበው ምግብ ፕዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። እርሱ ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ አብዛኛውንም ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። ማስወገዱ ሲያንስ ወይም መመረቱ ሲበዛ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ሟሟቶ መቆየት ያቅተውና እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ድቃቂ ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዝቃዜ ድቃቂውን ስለሚያበዛው ከልብ ርቆ የሚቀዘቅዘው የእግር አውራ ጣት ቀዳሚ ተጠቂ ነው፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የእጅ ጣቶችም ይከተላሉ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይነሣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥም ራሱ ይበርዳል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው መብረዱ ነው። ድቃቂው ግን ከቦታው አልሄደም። ዓመታት ሲቆጠሩ በጣትና በክርን ላይ እንደ ጠጠር ያለ እብጠት ያወጣል፤ መገጣጠሚያውን ያበላሻል፤ በኩላሊትም ጠጠር ይፈጥራል።

ማንን ይይዛል? በብዛት ወንዶችን፣ ሴቶችን ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ። በዘር ይወረሳል፤ የኩላሊት ድካም፣ የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ይጋብዙታል። ለደም ግፊት የሚታዘዙ አንዳንድ ሽንት አብዢ እንክብሎች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሪህ ሲነሣበት መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «የጠጪ በሽታ» ወይም «የጥጋብ በሽታ» እየተባለ የሚሰጠው ስም ብዙ ሰው ስለሚጎዳ ነው። ጠጅ በአፏ ዞሮ የማያውቅ መነኩሲት ሪህ ሊይዛት ይችላል፤ ዕድሜውን በመጠጥ ቤት የፈጀ ሰው ደግሞ ላይዘው ይችላል። መጠጥ የበሽታው ብቸኛ አባት አይደለም። በሽታው ላለበት ሰው ግን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ነው።

አልኮል የሚጎዳው በብዙ መንገድ ነው። በጉበት ውስጥ ሲፈርስ የዩሪክ አሲድ መመረትን ያፋጥናል። በዚያው ጊዜ በደም ውስጥ ላክቲክ አሲድን ይጨምራል፤ ይህም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወጣ ይይዘዋል። ሽንት ስለሚያበዛም የሰውነትን ውኃ ያሟጥጣል። ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨምራል፤ በብቅሉና በእርሾው ውስጥ ያለው ፕዩሪን ራሱ ወደ ዩሪክ አሲድ ይለወጣልና።

በአሜሪካ በጤና ሙያ ላይ ያሉ 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቍጥር አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት 730 ሰዎች በሪህ ተያዙ። በየቀኑ በሚጠጣ በእያንዳንዱ ቢራ የመያዝ ዕድል በ49 በመቶ ሲጨምር፣ በእያንዳንዱ መለኪያ ጠንካራ የአረቄ ዓይነት መጠጥ በ15 በመቶ ጨምሯል። መጠነኛ የወይን ጠጅ ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። ብዙዎች «ወይን ለሪህ አይከፋም» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ነገር ግን ያ ጥናት የጠየቀው ጤነኛ ሰው በሪህ ይያዛል ወይ ብሎ ነው። አስቀድሞ ሪህ ስላለበት ሰው የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ በሌላ ጥናት ነው። ሪህ ያለባቸውን 724 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ሕመሙ በተነሣባቸው ዋዜማ ምን እንደ ጠጡ መዘገበ። በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ ሁለት መጠጥ የወሰዱት ካልጠጡበት ጊዜ ይልቅ የመታመማቸው ዕድል በ36 በመቶ፣ እስከ አራት የወሰዱት ደግሞ በ51 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቢራም፣ ጠንካራ መጠጥም፣ ወይንም አልተለዩም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ማድጋ እንመለስ። ጠላ፣ በወለጋ በአፋን ኦሮሞ ፋርሶ የሚባለው፣ ከብቅልና ከእህል በጌሾ የሚጠመቅ ነውና ከቢራ ወገን ነው። እንዲያውም የፋብሪካ ቢራ ተጣርቶ ሲቀርብ የእኛው ጠላ ከነእርሾው ወደ ጽዋ ይገባል። ዋንጫውም ከቢራ ጠርሙስ አያንስም። «ቅራሪ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚል ሰው አልኮሉን ይቀንስ ይሆናል እንጂ እርሾውን አላመለጠም። ጠጅ የእህል ብቅል ባይገባበትም አልኮሉ ከጠላ ይበረታል፤ የማሩ ጣፋጭ ክፍል የሆነው ፍሩክቶስም በጉበት ውስጥ ሲፈርስ ዩሪክ አሲድን ያመርታል። አረቄ ተንጠርጥሮ የሚወጣ ስለ ሆነ ፕዩሪኑ ያንሳል፤ የአልኮሉ ብዛት ግን ለብቻው ይበቃል። በዚህ ላይ በብዙ ቤት አረቄ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት «ቁርጥማት ያፍታታል» እየተባለ በጠዋት ይቀመሳል። የአረቄው ሙቀት ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያደነዝዘው ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ዕዳውን ያስከፍላል። ታማሚው ዲክሎፌናክ ወይም ኢንዶሜታሲን ወስዶ ከሆነ ደግሞ በላዩ አረቄ መጨመር ጨጓራን እስከ ማድማት፣ ኩላሊትንም እስከ መጉዳት ያደርሳል።

«እንግዲያው ስንት ብጠጣ ይቻለኛል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን መልሱ ምንም ነው። ሕመሙ ከበረደ በኋላም ዩሪክ አሲዱ ተለክቶ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ድረስ ከመጠጥ መራቅ ይሻላል። ከወረደ በኋላ ስለሚሆነው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ጠላ የሚያህል ነገር ግን ቢቀርበት ይመረጣል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ቀን ቆርጦ ቢተው መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና መንፈራገጥ ሊመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይተው። ይህን ሳያውቁ በስእለት መጠጥ አቁመው ለብርቱ አደጋ የተዳረጉ አሉና ንስሐ አባቶች ልብ በሉት።

አንድ ፍርሃት እዚህ ላይ መወገድ አለበት። አንዲት እናት ቅዱስ ቍርባኑ ሪህ ያስነሣብኛል ብለው ከመቍረብ መከልከላቸውን ነግረውኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ለመሥዋዕት የሚቀርበው ወይን ከደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ እንደ ጠጅ ተብላልቶ የሚሰክር አይደለም። ሪህ ያለበት ሰው በዚህ ምክንያት ከምሥጢሩ የሚርቅበት ነገር የለም።

ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችም ያለ አገባባቸው ሲጠቀሱ እሰማለሁ። አንደኛው ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲወስድ የመከረው ነው። ያ ምክር ለአንድ የታወቀ ሰው፣ ለታወቀ የሆድ ሕመም፣ በጥቂቱ የተሰጠ ነው፤ ይኸውም በሽተኛው የሚስማማውን ይውሰድ ማለት ነው። እግሩ ያበጠን ካህን በዚህ ጥቅስ ማስጠጣት ምክሩን ገልብጦ ማንበብ ነው። ሁለተኛው በዜና መዋዕል ካልእ ምዕራፍ 16 የተጻፈው የንጉሥ አሳ ታሪክ ነው። አሳ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ታመመ፤ እግዚአብሔርን ትቶ ባለ መድኃኒቶችን ብቻ እንደ ፈለገ ተጽፏል። የጥንት አይሁድ መምህራን ደዌው ይኸው ሪህ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ታሪኩን ጠቅሰው «ሐኪም ቤት አትሂድ፤ ጠበል ይበቃሃል» የሚሉ አሉ። የአሳ ጥፋት ግን ፈጣሪውን መተዉ እንጂ መታከሙ አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ በግልጥ ያስተምራል። ጠበሉና እንክብሉ አይጣሉም። ጠበል በብዛት መጠጣትማ ለሪህ ታማሚ በሥጋም ይጠቅመዋል፤ ውኃ ዩሪክ አሲድን ከኩላሊት ያጥባልና።

ስለ ጾምና ስለ ፍስክ ትንሽ እንቆይ፤ በእኛ ዘንድ የሪህ መነሣት ከበዓላት ጋር የተያያዘ ነውና። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ካለፉ በኋላ በትንሣኤ ማለዳ በባዶ አንጀት ላይ ዱለት፣ ጉበት፣ ቁርጥ ይወርዳል፤ በላዩም ጠላውና አረቄው። ጉበትና ኩላሊት ከምግብ ሁሉ ፕዩሪን ከሚበዛባቸው ናቸው። ሥጋው ብቻውን፣ መጠጡም ብቻውን ሊያስነሣው የሚችለውን በሽታ ሁለቱን አንድ ላይ ሰጥተን እንጠራዋለን። ቅርጫ የሚገባ ሪህ ያለበት ሰው የሆድ ዕቃውን ለሌላው ትቶ ከቀዩ ሥጋ ጥቂት፣ ያውም ያለ መጠጥ ቢቀምስ ይበጀዋል።

በአንጻሩ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ያለ በደላቸው ይከሰሳሉ። ፕዩሪን አላቸው ተብሎ ከገበታው ሁሉንም ያነሣና በጾም የሚበላው ያጣ ሰው አይቻለሁ። ከላይ የጠቀስሁት ማኅበረሰብ ላይ በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት የሪህን ዕድል የሚጨምሩት ሥጋና የባሕር ምግቦች መሆናቸውን፣ ፕዩሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬ ግን እንደማይጨምሩ፣ ወተትም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጾም ገበታችን ለሪህ ታማሚ ወዳጅ ነው። የሚያስፈራው የውኃ ጥም ነው። ለቅዳሴ የሚገባ ካህን ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አይቀምስምና በዋዜማው ምሽትና ከቅዳሴ በኋላ ደጋግሞ ውኃ ይጠጣ፤ የመጀመሪያው ጽዋ ጠላ ሳይሆን ውኃ ይሁን። ሕመሙ የጸናበትም ሰው ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ሕመሙ ሲነሣ ደግሞ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ ውኃ መጠጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ማሸት፣ በትኩስ ነገር መተኮስና ዋግምት ያባብሱታል። ሐኪሙ ኮልቺሲን ወይም ሌላ የእብጠት ማብረጃ ያዛል፤ በተሎ ሲጀመር በተሎ ይሠራል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ካለ ግን መገጣጠሚያው በተሕዋስያን ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሕመሙ እየተመላለሰ የሚነሣበት ሰው አሎፑሪኖል የሚባለው፣ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው መድኃኒት ይታዘዝለት ይሆናል። ይህ በየቀኑ፣ ደህና በሆኑበትም ቀን፣ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ስለሚችል «መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብለው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው፤ መጣል አይገባም። በቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

አሁን ወደ ሰበካ ጉባኤያት። ለታማሚው «አትጠጣ» ማለት ቀላል ነው። ካህን ግን በክርስትናው፣ በተዝካሩ፣ በማኅበሩ፣ በልቅሶው ቤት ሁሉ ይጠራል፤ በየቤቱም ጽዋ ይቀርብለታል፤ አልጠጣም ቢል ባለቤቱን የናቀ ይመስላል። በአንድ የወር በዓል ዕለት ሦስት ቤት የሚገባ ካህን አለ። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ «ሪህ አለብኝ» እያለ ሕመሙን እንዲናዘዝ ማድረግ አግባብ አይመስለኝም። መለወጥ ያለበት አቀራረባችን ነው። ቀጂው ማድጋውን ብቻ ይዞ ከሚዞር፣ በሌላ እጁ ውኃ ወይም ተልባ ይዞ «የቱን ልቅዳልዎ?» ቢል ማንም ማንንም አልናቀም። ጽዋው የሚከበረው ስለ ጻድቁ ስም ዝክርና ስለ ጸሎቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ጠላ መሆኑ ግድ አይደለም።

ደግሞም ያለንበት ምድር የቡና ምድር ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ የሚሸጠው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምቴ ነው። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ሪህ የሚይዛቸው አነስ ባለ መጠን መሆኑም በጥናት ታይቷል። ቡናን መድኃኒት ነው አልልም፤ ካህኑን ለማክበር ግን ከጠላ የሚያንስ መስተንግዶ አይደለም። ስኳሩን ብቻ እናሳንስ፤ በስኳርም ውስጥ ያው ፍሩክቶስ አለና። ጠላን ትተው ለስላሳ መጠጥ የሚያዘወትሩም ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ነው።

ወደዚያ አጥቢያ ከአራት ወር በኋላ ለምንጩ ርክክብ ተመለስሁ። ሰንበቴው ቤት ገብተን ስንቀመጥ ሙሴው ራሳቸው ሁለት እንስራ አስቀመጡ፤ አንዱ ከአዲሱ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ነበር። ጸሎቱም በሁለቱ ላይ ደረሰ። አባታችን ነቀምቴ ድረስ ሄደው ደማቸውን አስመርምረው፣ አሎፑሪኖል ጀምረዋል። የመጓጓዣውን ሰበካ ጉባኤው ከሙዳየ ምጽዋት ሳይሆን ከልማት ገቢው ችሏል፤ በቃለ ጉባኤም ተመዝግቧል። «ጠላውን ፈጽሞ ተዉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለትንሣኤ አንድ ዋንጫ ቀመስሁ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል» አሉና ሣቁ። ከዚያም የሚካኤል ዕለት እንዳልቀር አሳሰቡኝ፤ ሦስተኛው ዲያቆን ለትምህርት ወደ ነቀምቴ ስለ ሄደ አንድ ሰው ጎድሎባቸው ነበር።